ውሃና የወሎ ምድር፦ ስለ ጎርፍ፣ ወንዝ፣ ቦረቦርና ደለል ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከደሴ እስከ ቆቦ፣ ከመቅደላ እስከ ባቲ ክረምት በገባ ቁጥር የሚነሱ ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ጀምረን ወደ ከባዱ እንሄዳለን።

ውሃ ለስላሳ ነው፤ ድንጋይን እንዴት ሊቆርጥ ቻለ?

ጥርት ያለ ውሃ ብቻውን ድንጋይ ላይ ብዙ ጉዳት አያደርስም። የሚቆርጠው የተሸከመው ነገር ነው። ውሃው ክንድ ነው፤ ሞረዱ አሸዋውና ጠጠሩ ነው። በበጋ ቦርከና ወይም ሚሌ ዳር ወርዳችሁ ድንጋዮቹን ብትዳስሱ ስለት ያለው ጠርዝ እምብዛም አታገኙም፤ እርስ በርስ ሲፋጩ ከርመው ክብና ልሙጥ ሆነዋል። እነሱ ሲላጉ የወንዙ ወለልም አብሮ ይላጋል። አለት በወጣበት ቦታ ላይ ደግሞ ድስት የሚያክሉ ክብ ጉድጓዶች ታያላችሁ፤ ጠጠር በአዙሪት ውስጥ ገብቶ አንድ ቦታ ላይ ሲሽከረከር የቆፈራቸው ናቸው።

ሁለተኛው መንገድ ጉልበት ነው። ውሃ በስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ድንጋዩን ከቦታው ፈልቅቆ ያወጣዋል። ፍጥነት እዚህ ላይ የሚገርም ሥራ ይሠራል፦ የውሃው ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ሊያንከባልለው የሚችለው ትልቁ ድንጋይ ክብደት በስሌት እስከ 64 እጥፍ ያድጋል። በበጋ ጠጠር እንኳ የማያነቃንቅ ወንዝ በነሐሴ አንድ ሌሊት ላም የሚያክል ቋጥኝ አምጥቶ መንገድ ላይ የሚጥለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው ድምፅ የለውም። የዝናብ ውሃ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወስድ ትንሽ አሲድነት አለው። ይህ ውሃ በሺህ ዓመታት ውስጥ ጥቁሩን የባዛልት ድንጋይ አብስሎ ወደ ሸክላ አፈር ይለውጠዋል። የምናርሰው ቀይ አፈርም ጥቁሩ ሸክላማ ዋልካም የዚህ ሥራ ውጤት ነው። ስለዚህ ውሃ አፈሩን የሚወስድብን ብቻ ሳይሆን ከመጀመሪያውም የሠራልን ነው፤ ችግሩ የሚሠራው እጅግ በዝግታ፣ የሚወስደው ግን በፍጥነት መሆኑ ነው።

ጎርፉ ለምን ደፍርሶ ይመጣል? አፈሩ ከየት የተነሣ ነው?

ብዙው ከማሳ ነው። ሥራው የሚጀምረው ወንዙ ጋ ሳይሆን የመጀመሪያዋ ጠብታ ባዶ መሬት ላይ ስታርፍ ነው። ትልልቅ ጠብታዎች መሬት ሲደርሱ በሰከንድ ዘጠኝ ሜትር ገደማ ይወርዳሉ። ያረፈችበትን ጓል ትሰብራለች፣ ድቃቁን ትረጫለች፣ የተረጨው ደግሞ የአፈሩን ቀዳዳ ይደፍናል። ከዚያ በኋላ ውሃው መስረግ ሲያቅተው በስሱ ተነጥፎ ይወርዳል፣ ቀጥሎ ጣት የሚያክሉ መስመሮች ያወጣል፣ መስመሮቹ ሲገናኙ ቦይ ይሆናሉ።

በወሎ ሁለት ነገሮች ይህን ያብሱታል። አንደኛው ወቅቱ ነው፦ በልግም ክረምትም የሚዘንብበት አገር ስለሆነ መሬቱ በዓመት ሁለት ጊዜ ታርሶ፣ ለስልሶ፣ ምንም ሳይበቅልበት ኃይለኛ ዝናብ ያገኘዋል። ሁለተኛው ጤፍ ነው። ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ ማሳው ደጋግሞ ታርሶ፣ ብዙ ጊዜም በከብት ተረግጦ መዘጋጀት አለበት፤ እስኪሸፍን ድረስ ያሉት ሳምንታት ደግሞ ዝናቡ የሚጠነክርባቸው ናቸው። ጤፍ አትዝሩ ለማለት አይደለም፤ ዳገታማውን ማሳ ለሌላ ሰብል፣ ለጥ ያለውን ለጤፍ ማድረግ ግን ብዙ አፈር ያድናል።

መጠኑን ለማየት ደቡብ ወሎ ውስጥ መሄድ ይበቃል። ከደሴ በስተ ደቡብ ማይባር ሐይቅ አጠገብ ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአፈር መሸርሸርን የሚለካ የምርምር ጣቢያ ተቋቁሞ ነበር። እንዲህ ካሉ ጣቢያዎች መረጃ ተነሥቶ ለኢትዮጵያ ደጋ የእርሻ መሬት በተደጋጋሚ የሚጠቀሰው ግምት በሄክታር በዓመት 42 ቶን ነው። ይህ ውፍረቱ ሦስት ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ በዓይን አይታይም። በ30 ዓመት ግን አሥር ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ማለትም ማረሻ የሚያገላብጠው ለም አፈር አብዛኛው በአንድ ሰው የእርሻ ዘመን ውስጥ ሄደ ማለት ነው።

እኛ ጋ ጠብታ ሳይወርድ ደራሽ ጎርፍ ከየት ይመጣል?

ከላይ ነው። ቆቦ፣ ጎብዬ፣ መርሳ ፀሐይ ሆኖ ከምዕራብ ያለው ጋራ ላይ ሊዘንብ ይችላል። ተራራው ገደላማ ነው፣ አፈሩ ስስ ነው፣ ውሃው የሚያርፍበት የለም፤ ስለዚህ የዘነበው በአጭር ጊዜ ተሰብስቦ ሜዳው ላይ ይደርሳል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ሄክታር ላይ 300 ሜትር ኩብ ውሃ ነው፤ ባለ 200 ሊትር በርሜል 1,500 ይሞላል። ግማሹ እንኳ ሳይሰርግ ቢወርድና የሺህ ሄክታር ውሃ በአንድ የወንዝ አፍ ቢወጣ ምን እንደሚሆን አስቡት።

ሕይወት የሚነካ ስለሆነ ይህን በቀጥታ ልናገር፦ በክረምት ደረቅ ወንዝ ውስጥ አትደሩ፣ መኪና አታቁሙ፣ ልጆች አሸዋው ላይ እንዲጫወቱ አትፍቀዱ። ከላይ ጉርምርምታ ከተሰማ ወይም ውሃው በድንገት ደፍርሶ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ ከመጣ ወዲያው ወደ ዳገት ውጡ። እስከ ጉልበት የሚደርስ ፈጣን ውሃ ጎልማሳ ሰው ይጥላል፤ 60 ሴንቲ ሜትር የሚሆነው አብዛኛውን መኪና አንሥቶ ይወስዳል። ደራሽ ብዙ ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ይጎድላል። መጠበቅ ነው።

የወሎ ውሃ ሁሉ ወደ ዓባይ ነው የሚሄደው?

አይደለም። ወሎ የውሃ መለያያ ነው። ከደሴ በስተ ምዕራብ የሚወርደው ወደ በሽሎ ወንዝ ገብቶ ዓባይን ይቀላቀላል፣ እስከ ሜዲትራኒያን ባሕርም ይደርሳል። ከላስታ የሚነሣው ተከዜ ወደ ሱዳን ወርዶ ከአትባራ ወንዝ ጋር ተቀላቅሎ ናይልን ያገኛል። በምሥራቁ በኩል ግን ቦርከናና ሚሌ አዋሽን ይቀላቀላሉ፤ አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳያይ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ በትነት ያልቃል። የቆቦዎቹ ጎሊናና ሆርማትም ወደ አፋር ዝቅታ ይወርዳሉ እንጂ ባሕር አይደርሱም።

የአቅጣጫው ልዩነት መልክዓ ምድሩን ለሁለት ከፍሎታል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ምሥራቁ ወደ ስምጥ ሸለቆው ስለሚወድቅ ወንዞቹ አጭር፣ ፈጣንና ድንጋይ ጫኝ ናቸው። የምዕራቦቹ ረጅም መንገድ ስላላቸው ጊዜያቸውን ያጠፉት ወደ ታች በመቆፈር ነው።

በሽሎ ያን የሚያክል ገደል ቆፍሮ እንዴት ተራሮቹ አናታቸው ሜዳ ሆኖ ቀረ?

ይህን ለመረዳት ከዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት መሄድ ያስፈልጋል። ያኔ በዚህ አካባቢ ከመሬት ስንጥቆች የወጣ ቅልጥ አለት እየፈሰሰ፣ እየደረቀ፣ እንደገና እየፈሰሰ በንብርብር ተከምሯል። አገሩ በአንዳንድ ቦታ ከ1,000 ሜትር በላይ ውፍረት ያለው አንድ ሰፊ የባዛልት ሜዳ ነበር። ከዚያ መሬቱ ከፍ እያለ ሲሄድ ወንዞቹ ቁልቁለታቸው ጨመረ፣ ጉልበታቸውም ጨመረ፤ እነሱም መቆፈር ጀመሩ።

ስለዚህ አምባዎቹ ከመሬት የበቀሉ አይደሉም፤ ከቀድሞው ሜዳ ሳይወሰዱ የቀሩ ቁራጮች ናቸው። መቅደላ ቆማችሁ ማዶ ያለውን የደላንታን ሜዳ ብታዩ የገደሎቹ መስመር በሁለቱም በኩል ይጣጣማል፤ አንድ ጊዜ አንድ ነበሩ። በመካከላቸው የጎደለውን ድንጋይ ሁሉ በሽሎና ገባሮቹ አንድ በአንድ ተሸክመው ወስደውታል። ጎኖቹ እንደ ደረጃ የሆኑት ደግሞ ጠንካራው ንብርብር ቀጥ ብሎ ሲቆም፣ በመካከል ያለው ለስላሳው ሲንሸራተትና ሲያዘቀዝቅ ነው። በነዚያ ለስላሳ ደረጃዎች ላይ ነው ሰው የሚያርሰውና የሚኖረው፤ ከላይ የሰረገው ውሃም ጠንካራው ከለስላሳው ጋር በሚገናኝበት ላይ ምንጭ ሆኖ ይወጣል። መንደሮቹ በአንድ መስመር ተደርድረው የምታዩት ለዚህ ነው።

ይህ ጥልቀት ታሪክንም ቀርጿል። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ይዘው ወደ መቅደላ ሲጓዙ ዋድላንና ደላንታን የሚለየውን የጅጣን ገደል ለማለፍ መንገድ እያስቆፈሩ ወራት ፈጅተዋል። በሚያዝያ 1868 እ.ኤ.አ. የመጣው የእንግሊዝ ጦርም በሽሎን ለመሻገር ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ እንደገና መውጣት ነበረበት።

የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናትስ ውሃ ይጎዳቸዋል?

አዎ። የተፈለፈሉበት እሳተ ገሞራ ወለድ ድንጋይ ለመጥረብ የሚመች መሆኑ ውሃ ለመጠጣትም የሚመች አድርጎታል። በክረምት ይረጥባል፣ በበጋ ይደርቃል፣ ይህ ሲደጋገም ገጹ ይላጣል፣ ስንጥቁ ይሰፋል። በአንዳንዶቹ ላይ መጠለያ የተሠራው ከዝናብ ለመከላከል ነው።

የጥንቶቹ ሠሪዎች ግን ውሃን በሚገባ ያውቁ ነበር። ቤተ መቅደሶቹ በጉድጓድ ውስጥ ሆነው ክረምት የማይሞላቸው በዙሪያቸው ያሉት ቦዮች ውሃውን በሚያወጣ ቁልቁለት ስለተፈለፈሉ ነው። ዛሬም ትልቁ ጥበቃ እነዚያን ቦዮች ከደለልና ከቆሻሻ ነፃ ማድረግ ነው።

የቆቦ ሜዳ ለምንድን ነው እንዲህ ለም የሆነው?

የተራራው አፈር እዚያ ስላረፈ። ወንዝ ከጠባብ ገደል ወጥቶ ሜዳ ሲያገኝ ይሰፋል፣ ይሳሳል፣ ፍጥነቱ ይወድቃል፤ መጀመሪያ ቋጥኙን፣ ቀጥሎ ጠጠሩን፣ አሸዋውን፣ በመጨረሻ ድቃቁን አፈር ይጥላል። ለዚህ ነው ከተራራው ሥር ድንጋያማ፣ ወደ ምሥራቅ ሲሄዱ ደግሞ ጥልቅና ለስላሳ መሬት የሚገኘው። ጠጠሩና አሸዋው ከሥር ሆነው ውሃ ስለሚይዙም የቆቦና ጊራና ሸለቆ በከርሰ ምድር ውሃ የታወቀ ነው፤ ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፍረው መስኖ የሚለማውም ለዚህ ነው።

የአካባቢው ገበሬ ይህን ከመሐንዲስ በፊት ያውቃል። ጎርፉን በአፈር፣ በድንጋይና በቅርንጫፍ ጠልፎ ወደ ማሳ ያስገባዋል፤ ውሃውን ብቻ ሳይሆን አብሮት የመጣውንም ደለል ፈልጎ ነው። እዚህ ላይ የማይመቸው እውነት አለ፦ የቆላው በረከት የደጋው ኪሳራ ነው። ደጋው አለት እስኪወጣ ከተላጠ ደግሞ ለም ደለል ማለቁ አይቀርም፤ ከዚያ በኋላ የሚወርደው ድንጋይና ጠጠር ነው፤ እሱ ማሳ ላይ ሲነጠፍ መሬቱን ያጠፋዋል።

ወንዙ በየዓመቱ ማሳዬን ለምን ይበላል? ከማዶ ላለው ጎረቤቴ ግን መሬት እየጨመረለት ነው።

ወንዝ በሚታጠፍበት ቦታ ላይ ፈጣኑ ውሃ ወደ ውጭኛው ዳር ይጣላል፣ ያንን ዳር ከሥሩ ይቦረቡራል፤ ላይኛው ሳይነካ ሥሩ ባዶ ሲሆን ይናዳል። በውስጠኛው ዳር ውሃው ዝግ ያለ ስለሆነ አሸዋና ደለል ይጥላል። ስለዚህ እርስዎ ያጡት አፈር ለጎረቤትዎ አልተሰጠም፤ የእርስዎ ወደ ታች ሄዷል፣ እሱ ያገኘው ከላይ የመጣ ነው። ኩርባው በራሱ ኃይል እየሰፋ ይሄዳል።

የድንበር ጠብ የሚያመጣው ይህ ነው፤ ወንዝን ወሰን ማድረግ ለዘለቄታው አያዋጣም። ቋሚ ምልክት ከዳሩ ራቅ አድርጎ መትከል ይሻላል። ዳሩን ለማዳን ደግሞ ግንብ ብቻ መደርደር ብዙ ጊዜ ጎርፉን ወደሚቀጥለው ሰው ማሳ ያሻግረዋል። ከወንዙ ጥቂት ሜትሮችን ሳያርሱ መተው፣ ዝሆኔ ሣርና ሥሩ የሚይዝ ዛፍ መትከል፣ ኃይለኛ ኩርባ ላይ ብቻ ጋቢዮን (በሽቦ መረብ የታሰረ ድንጋይ) ማድረግ፣ ያውም በሁለቱም በኩል ያሉ ባለማሳዎች ተስማምተው፣ የተሻለው መንገድ ነው።

ቦረቦሩ ውሃው ወደ ታች እየፈሰሰ እያለ ለምን ወደ ላይ፣ ወደ ቤታችን ያድጋል?

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ጥያቄ ይህ ነው፤ መልሱን ያልተረዳ ሰው ገንዘቡንና ጉልበቱን የተሳሳተ ቦታ ላይ ያፈሳል።

የቦረቦር ራስ ትንሽ ፏፏቴ ነው። ውሃው ከማሳው ጫፍ ወደ ጉድጓዱ ሲወድቅ ሥሩን ይመታል፣ ይቆፍራል፣ ወደ ውስጥ ዋሻ ያወጣል። ላይ ያለው አፈር ድጋፍ ሲያጣ ይወድቃል፣ የወደቀውን የሚቀጥለው ጎርፍ ጠርጎ ይወስደዋል፣ ፏፏቴው አንድ እርምጃ ወደ ላይ ይሄዳል። ዋልካ መሬት ላይ ደግሞ የባሰ ነገር አለ፦ በበጋ መሬቱ ይሰነጠቃል፣ የመጀመሪያው ዝናብ በስንጥቁ ገብቶ ከመሬት በታች መሄጃ ያበጃል፤ ላዩ ደህና መስሎ ውስጡ ተቦርቡሮ አንድ ቀን ድንገት ይሰምጣል። ጎኖቹም ዝናቡ ካቆመ በኋላ በርጥበት ከብደው መናዳቸው አይቀርም።

ስለዚህ ቦረቦርን የሚመግበው ከራሱ በላይ ያለው መሬት ነው። መጀመሪያ የሚጠየቀው «ይህ ሁሉ ውሃ ከየት እዚህ ተሰበሰበ?» የሚለው ነው። ብዙ ጊዜ መልሱ መንገድ ነው። አዲስ መንገድ ሲሠራ በሰፊው ተበትኖ ይወርድ የነበረውን ውሃ በቦይ ሰብስቦ በአንድ ቱቦ ማሳ ላይ ይለቀዋል፤ በሁለት ሦስት ክረምት ከቱቦው አፍ ሥር ቦረቦር ይወለዳል። የከብት መውረጃ መንገድና ወደ ቁልቁለት የወጣ ፈሰስም እንደዚሁ ነው። ውሃውን ከላይ በእርከን፣ በተከለለ መሬትና በሣር በተሸፈነ መፋሰሻ ሳይዙ ቦረቦሩ ውስጥ ክትር (ውሃ የሚያግድ ትንሽ ግድብ) መደርደር ምክንያቱን ትቶ ምልክቱን ማከም ነው።

ከላይ ያለው ከተያዘ በኋላ የቦረቦሩ ራስ ቁልቁለቱ ተላግቶ ይስተካከል፣ ፏፏቴነቱ ይቅር፣ በድንጋይ ወይም በሣር ይሸፈን። ከዚያ ክትሩ ይከተላል። ቦረቦሩ ውስጥ ከብት አይግባ። ሰስባኒያ የሚባለው ዛፍ፣ ዝሆኔ ሣርና ቬቲቨር ሣር በደለሉ ላይ ቶሎ ይይዛሉ፤ መኖም ስለሚሆኑ ለባለቤቱ ጥቅም አላቸው፣ ጥቅም ያለው ነገር ደግሞ ይጠበቃል።

ክትር ሠርተን በመጀመሪያው ጎርፍ ለምን ፈረሰ?

ከሚበዙት ምክንያቶች አንዱ አናቱ ቀጥ ያለ መሆኑ ነው። የክትር መካከል ከሁለቱ ጎኖች ዝቅ ማለት አለበት፤ አለዚያ ውሃው ዳር ዳሩን ይዞ ጎኑን ቆርሶ ይወጣል፣ ክትሩ ብቻውን መካከል ላይ ይቀራል። ጎኖቹ ግድግዳው ውስጥ ተቆፍሮ መግባት አለባቸው። ውሃው ከአናቱ ወርዶ የሚያርፍበት ቦታ ድንጋይ ካልተነጠፈበት ሥሩ ተቆፍሮ ይገለበጣል። ርቀቱም ልክ አለው፦ የላይኛው ክትር ሥር ከታችኛው ክትር አናት ጋር እኩል ከፍታ ላይ መሆን አለበት። ከዚህ ከራቁ በመካከላቸው ያለው ወለል መቆፈሩን ይቀጥላል።

እርከን ሠርተን ማሳው ባሰበት፤ እርከን ይጎዳል ማለት ነው?

በትክክል ያልተሠራ እርከን፣ አዎ፣ ይጎዳል። የእርከኑ አግድም ልክ (ውሃ ልኩ) ካልተጠበቀ ውሃውን ከመያዝ ይልቅ ወደ ዝቅተኛው ነጥብ ይሰበስባል፣ እዚያ ይሰብረዋል፤ የላይኛው ሲሰበር የተጠራቀመው ውሃ የታችኛውን፣ እሱ ደግሞ ቀጣዩን ይሰብራል። ዋልካ ላይ ደግሞ መውጫ የሌለው ደልዳላ እርከን ውሃ አቁሮ ሰብሉን ያበሰብሳል፤ እንዲህ ያለው ማሳ ትንሽ ያዘነበለ እርከንና ወደ ሣራማ መፋሰሻ የሚወስድ መውጫ ያስፈልገዋል።

ገበሬው እርከኑ መሬት ያጣብባል፣ የአይጥ መሸሸጊያ ይሆናል፣ በሬ ለማዞር አይመችም ሲል እውነት ይናገራል። በቁጥር ብቻ «ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ተሠራ» ተብሎ የሚለካ ዘመቻ ይህን ቅሬታ ሳይሰማ ካለፈ እርከኑ በሁለተኛው ዓመት ይታረሳል። በጥሩ ልክ የተሠራ፣ ጠርዙ ላይ መኖ የተተከለበትና በየዓመቱ የሚጠገን ግን ከኋላው አፈር እያጠራቀመ ዳገቱን ቀስ በቀስ ወደ ደረጃ ይለውጠዋል።

ዝናቡ ካባራ በኋላ ናዳ ለምን ይመጣል?

ናዳን የሚያመጣው በላይ የሚፈሰው ሳይሆን ወደ ውስጥ የሰረገው ውሃ ነው። ሲሰርግ አፈሩን ያከብደዋል፣ በአፈር ቅንጣቶች መካከል ገብቶም ይገፋቸዋል፤ መያያዛቸው ይላላል። ከሥር የሸክላ ንብርብር ካለ ውሃው እዚያ ላይ ይቆምና ላይኛውን ያንሸራትተዋል። ውሃው ያ ንብርብር ጋ ለመድረስ ቀናት ሊወስድ ስለሚችል ፀሐይ ወጥቶም ተራራ ይንሸራተታል። በጦሳ ተራራ ሥር ያለችው ደሴና አካባቢዋ ገደላማ፣ የበሰለ ባዛልትና ምንጭ የበዛበት መሬት ስላላቸው ይህ አደጋ ባዕዳቸው አይደለም። ዳገቱን ከሥሩ ቆርጦ ቤት መሥራትና የቤት ፍሳሽን ቁልቁለቱ ላይ መልቀቅ ያፋጥነዋል።

ከመምጣቱ በፊት ምልክት ይሰጣል፦ ከዳገቱ አናት ላይ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ስንጥቅ፣ የሚያዘነብሉ ዛፎችና የመብራት ምሰሶዎች፣ በድንገት የሚደፈርስ ወይም ቦታ የሚቀይር ምንጭ፣ አልዘጋ የሚል በር። ይህን ካያችሁ ቤቱን ለቅቃችሁ ለቀበሌ አሳውቁ። ናዳው ከወረደ በኋላም ሁለተኛ ሊከተል እንደሚችል አትርሱ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 በጎፋ ዞን የተቀበሩትን ለማዳን የሮጡ ብዙ ሰዎች በሁለተኛው ናዳ አልቀዋል። የወገን ነፍስ ለማዳን መሮጥ የእኛ ጠባይ ነው፤ ቢሆንም ቢያንስ አንድ ሰው ወደ ላይ እያየ ያስጠንቅቅ።

ሐይቅና አርዲቦ የተባሉት ሁለቱ የደቡብ ወሎ ሐይቆች በደለል ሊሞሉ ይችላሉ?

ማንኛውም ሐይቅ፣ ዘመኑ ይርዘም እንጂ፣ በመጨረሻ በደለል ይሞላል። አርዲቦ ከፍ ብሎ ስለሚገኝ ውሃው በአንከርካ ወንዝ ወደ ሐይቅ ይወርዳል፤ ሐይቅ ግን ከመሬት በላይ የሚወጣ ወንዝ የለውም፣ ስለዚህ የገባበት ደለል እዚያው ይቀራል። ጥልቀቱ 80 ሜትር ገደማ ስለሆነ መካከሉ ቶሎ አይሞላም፤ መጀመሪያ የሚጎዳው ዳር ዳሩ፣ ዓሣ የሚራባበት ጥልቀት የሌለው ክፍል ነው።

ደሴት የነበረው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ዛሬ ከመሬት ጋር ተያይዟል። ይህ ዋናው ምክንያቱ የውሃው መቀነስ ቢሆንም ዳርቻው እንዴት እንደሚለወጥ በዓይን ያሳያል። በሐይቆቹ ዙሪያ ያለውን ዳገት መከለል ለገዳሙም ለዓሣ አስጋሪውም የሚጠቅም ነው።

ከወንዝ አሸዋ ማውጣት ምን ጉዳት አለው? ጎርፉ በየዓመቱ ያመጣው የለም ወይ?

የሚወጣው ከሚመጣው ካነሰ ጉዳቱ ትንሽ ነው። ከበለጠ ግን ወንዙ ጉድጓዱን ለመሙላት ከላይም ከታችም ወለሉን ይቆፍራል፤ ልክ እንደ ቦረቦሩ ራስ ቁፋሮው ወደ ላይ ይጓዛል። ከዚያ የድልድይ እግር ይጋለጣል፣ የመስኖ ጠለፋው አፍ ከወንዙ በላይ ይቀራል፣ የጉድጓድ ውሃ ይርቃል። በድልድይና በጠለፋ አቅራቢያ ፈጽሞ መውጣት የለበትም። ሌላው ቦታም ዳሩን ሳይነኩ ከመካከል፣ በስሱ መውሰድ ይገባል። ለብዙ ወጣቶች እንጀራ ስለሆነ መከልከል ብቻ መፍትሔ አይሆንም፤ ቦታውንና መጠኑን ለይቶ መስጠት ይቻላል።

ከወሎ የሚወርደው ደለል የህዳሴን ግድብ ይሞላዋል?

«ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ይባል ነበር። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ከተመረቀው ግድብ በኋላ ግንዱም አፈሩም ማደሪያ አግኝተዋል። ዓባይ ወደ ሱዳን ድንበር የሚያደርሰው ደለል በዓመት ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ እንደሚሆን ይገመታል፤ የበሽሎ ተፋሰስም ከአዋጪዎቹ አንዱ ነው። ግድቡ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ስለሚይዝ በዚህ ትውልድ አይሞላም። ደለሉ ግን በእኩል አይነጠፍም፦ ሻካራው ወንዙ ወደ ሐይቁ በሚገባበት ላይ ይከመራል፣ ድቃቁ ወደ ግድቡ ይጠጋል።

ከግድቡ በታች ያለው ነገርም ይለወጣል። ሸክሙን የጣለ ንጹሕ ውሃ ጉልበቱን የሚያወጣበት ስለሚያጣ የራሱን ወለልና ዳር ይቆፍራል። ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በግብፅ ያለው ትልቁ የአስዋን ግድብ የእኛን አፈር ሲያስቀር የናይል ደልታ የባሕር ዳርቻ መሸርሸር የበረታው አዲስ ደለል ስለቀረበት ነው።

በቅርብ የሚያስፈራው የትልቁ ሳይሆን የትንንሾቹ ነው። በወረዳ ደረጃ የሚሠሩ የመስኖ ግድቦችና ኩሬዎች ከላይ ያለው ተፋሰስ ሳይለማ ከተሠሩ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሣር ሜዳ ይሆናሉ። በአካባቢያችሁ ኩሬ ወይም ግድብ ሊሠራ ከሆነ በስብሰባው ላይ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ውሃው ከሚመጣበት ዳገት ስንቱ ተከልሏል? ከግድቡ በላይስ ደለሉ ቀድሞ የሚያርፍበት፣ በየበጋው የሚጠረግ ማቆሚያ ታቅዷል? ተጠርጎ የሚወጣው ደለል ለማሳ ጥሩ አፈር ነው፤ ጋሪ ወይም አህያ ያለው ሰው ራሱ መጥቶ ይወስደዋል።